የሳይክል መንገድ ብለው ቀለም ቀብተው ሄዱ፤ እውነተኛውን እንዴት ነው የምንጠይቀው? (ባሕር ዳር)

የማዶው ሰው
ሰላም ናችሁ የባሕር ዳር ልጆች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምኖረው ዓባይ ማዶ ነው። ልጄን እስካለፈው ዓመት ድረስ ከኋላ ጭኜ ነበር ትምህርት ቤት የማደርሳት። ዘንድሮ ዘጠኝ ዓመት ሞላትና "እኔም የራሴን" ብላ አስጨነቀችኝ። ገዛሁላት። አሁን እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ነው የምንሄደው።

አዲሱ ድልድይ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ግንቦት 2016 ሲመረቅ 43 ሜትር ስፋት አለው ሲሉ "ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል" ብዬ ነበር፣ አፌን ቁርጥ ያርገው። ለሳይክልና ለእግረኛ የተለየ መስመር አለው። 380 ሜትሩን ልጄ እየዘፈነች ነው የምትጨርሰው። ጣጣው የሚጀምረው ድልድዩን ጨርሰን ትንሽ ከሄድን በኋላ ወደ ትምህርት ቤቷ ስንታጠፍ ነው። እዚያ መንገድ ላይ አንድ ቀን መጥተው ቀለም ቀቡ፣ የሳይክል ስዕል ሣሉ፣ ሄዱ። በቃ። ላም አለኝ በሰማይ።

ጠዋት 1:30 ላይ ኑና እዩት። መጀመሪያ ሦስት አራት ባጃጅ ተደርድሮ ታገኛላችሁ። ከዚያ የጀበና ቡና፣ ዱካው፣ ከሰሉ። ከዚያ የሆነ ሰው ቤት የሚሠራበት አሸዋ፣ ከመስከረም ጀምሮ እዚያው ነው፣ ሣር ሁሉ በቅሎበታል። እሱን ለማለፍ ወደ አስፋልቱ መውጣት፣ ከኋላ ሚኒባስ፣ ተመልሶ መግባት። ልክ ተመልሳችሁ ስትገቡ ደግሞ የፍሳሹ ቦይ ክዳን አለ። ፍርግርግ ብረት ነው። ብረቶቹ የተደረደሩት በመንገዱ ርዝመት ስለሆነ የሳይክል ጎማ ልክክ ብሎ ይገባበታል።

ባለፈው ሐሙስ የልጄ የፊት ጎማ ገባ። እንደ ድንጋይ ተወርውራ አስፋልቱ ላይ። ከኋላ ይመጣ የነበረ ባጃጅ ፍሬን ይዞ ቆመ እንጂ ሌላ ወሬ ነበር የምጽፍላችሁ። አገጯ ተሰፋ። አሁን ደህና ናት፣ ሳይክሉን ግን አልነካም ብላለች።

በማግስቱ አንድ ቢሮ ሄድኩ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ሰውየው ኮምፒውተሩን አየና "እዚያ ቦታማ የብስክሌት መስመር ተሠርቷል" አለኝ። ተሠርቷል! ሪፖርት ላይ ገብቷላ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሰባት ስምንት የምንሆን ወላጆች ተነጋግረናል። ከየት ነው የሚጀመረው? ቀበሌ ነው፣ ክፍለ ከተማ ነው፣ ማዘጋጃ ነው? ፊርማ ማሰባሰብ ዋጋ አለው? ሞክሮ የቀናው ካለ ይንገረኝ።

ሽምብጤ
እግዜር ይማርልህ ልጅህን። ግን እውነቱን ልንገርህ ወንድሜ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ሰው ስለ ጤፍ ዋጋ እያሰበ አንተ ስለ ፍርግርግ ብረት ልትጽፍ ነው? ማመልከቻህ ጠረጴዛ ስር ይገባል፣ አንተም ትረሳዋለህ። ሳይክሉን ሽጠህ ባጃጅ ኮንትራት ያዝላት።

መዝገብ ቤት የነበርኩ
ሽምብጤ፣ እንቦጭስ ቢሆን ጣና ላይ በእጃችን ስንነቅል አልነበር እንዴ?

የማዶው፣ እኔ መዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ (የት እንደሆነ እኔም አልናገርም)። ማመልከቻ እንዴት እንደሚጠፋ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በቃል የተጠየቀ ነገር አልተጠየቀም። ሰውየው ኮምፒውተር አይቶ መለሰልህ፣ አንተ ወጣህ፣ አለቀ። ያ ቀን የለም።

ስለዚህ ጻፉ። አንድ ገጽ ይበቃል፣ ሁለተኛውን ገጽ ማንም አያነበውም። "የከተማችን የብስክሌት መሠረተ ልማት ይሻሻል" ብላችሁ እንዳትጀምሩ። እንዲህ ዓይነቱ ደብዳቤ "ለሚመለከተው" ተብሎ ይመራል፣ የሚመለከተው ደግሞ ማንም አይደለም። ቦታውን በስም ጥቀሱ። ከየትኛው መታጠፊያ እስከ የትኛው በር። የምትፈልጉትን ነገር ቁጠሩ፦ ይህ ክዳን ይቀየር፣ ይህ አሸዋ ይነሳ፣ እዚህ ጋ መከለያ ይደረግ። ፎቶውን አትሙና አያይዙ፣ በስልክ ላሳይ አትበል።

ሦስት ኮፒ ይዘህ ሂድ። አንዱ ለመዝገብ ቤት፣ ሁለተኛው ግልባጭ ለክፍለ ከተማው፣ ሦስተኛው ያንተ ነው። ባንተ ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ሳታስጽፍ፣ ማህተም ሳታስመታ ከመስኮቱ እንዳትነቃነቅ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ "ግዴለም ይደርሳል" ትልሃለች። ይደርሳል፣ አዎ፣ ግን ቁጥር ከሌለው ሁለተኛ ስትመጣ "ቁጥሩ ስንት ነው?" ብላ የምትጠይቅህም እሷው ናት። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ፊርማውንም ሰብስቡ። ግን ስምና ፊርማ ብቻ አይሁን፣ የቤት ቁጥር ይኑረው። የቤት ቁጥር ያለው ፊርማ ያስፈራል።

ፖሊ መንገዱ
ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፣ ፖሊ ቴክኒክ ነው የተማርኩት። ጥቂት ነገር ልጨምር፣ ቢሮ ስትገባ ቋንቋቸውን ብትናገር ይሻላል።

አንደኛ፣ የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 አለ። መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት ነው የሚወጣው፣ ከመጽደቁ በፊት ረቂቁ ለሕዝብ ውይይት መቅረብ አለበት። ከሱ ስር የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል አለ፣ ያንተ መንገድ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ውይይት ሲጠራ እኛ አንሄድም እኮ። የሚሄዱት ቦታቸው የሚነካባቸው ሰዎችና አበል የሚፈልጉ ናቸው። አንድ ሳይክል የሚነዳ ሰው ተነስቶ "ይህ 20 ሜትር መንገድ ላይ የኛ ስንት ነው?" ቢል በቃለ ጉባኤ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አውጥቷል። ለእግረኛና ለሳይክል ማለት ነው። ስሙን ደብዳቤህ ላይ ጥቀሰው። ከኪስህ ያወጣኸው ሐሳብ አለመሆኑን ያውቁታል። ኮሪደር ልማትም የሳይክል መስመር ይዞ ነው የመጣው፣ ስለዚህ "ሳይክል የድሃ ነው" የሚለው ወሬ አሁን ብዙም አያስኬድም።

ሦስተኛ፣ ለካ! የሳይክል መሪ ብቻውን 60 ሳንቲም አካባቢ ነው። ሰው ሲነዳ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም፣ በተለይ ልጅ፣ በተለይ ከሐይቁ ነፋስ ሲነሳ። አንዱ አንዱን ማለፍም አለበት። ለዚህ ነው ባንድ አቅጣጫ ቢያንስ 2 ሜትር፣ ደርሶ መልስ ከሆነ 3 ሜትር የሚመከረው። ያንተ ቀለም ስንት ነው? እኔ አንዳንድ ቦታ ከሜትር በታች አይቻለሁ። በሱ ላይ ሳይክል እየገፋህ እንኳ አትሄድም።

ደግሞ ቀለም መኪና አያቆምም። ጠርዙ ከፍ ማለት አለበት፣ ወይ የሲሚንቶ ምሶሶ ጣል ጣል ይደረግ። እሱ ካልተቻለ የመኪናውን ፍጥነት ቀንሱ። በ50 የሚመጣ መኪና በ30 ከሚመጣው ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት ይዞ ነው የሚመታህ። ትምህርት ቤት በር ላይ ሁለት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ከሁሉ ይረክሳል።

የፍርግርጉ ነገር ያሳቃል፣ ያስለቅሳልም። የክዳኑ አራቱም ጎን እኩል ከሆነ ሩብ ዙር አዙሮ መልሶ መክደን ነው! ብረቶቹ መንገዱን አቋርጠው ይተኛሉ፣ ጎማ አይገባም። የግማሽ ሰዓት ሥራ። እሱን ለብቻው በመጀመሪያው መስመር ጠይቁ። አንድ ነገር እሺ ያለ ቢሮ ሁለተኛውን እምቢ ለማለት ያፍራል።

ባለ ሦስት እግር
እኔ ባጃጅ ነኝ። ሁሉም የሚሰድበን እኛን ስለሆነ ልናገር።

ወንድም ዓለም፣ የሳይክሉ መስመር ላይ የምንቆመው ወደን መሰለህ? ተሳፋሪ እጁን ከዘረጋ መቆም አለብኝ። እኔ ካልቆምኩ ከኋላዬ ያለው ይጭነዋል፣ ቀኔ ያው ተበላ። አስፋልቱ ላይ ብቆም ሚኒባሱ ጥሩምባውን ጆሮዬ ላይ ያንባርቃል፣ ትራፊኩም ይቀጣኛል። የእግረኛው ላይ ብወጣ ደንብ አስከባሪ። የቀረኝ ያንተ ቀለም ነው። መንገዱን ሲሠሩ ባጃጅ የት ይቁም ብሎ ያሰበ ሰው የለም። ከተማው ሙሉ በባጃጅ እየሄደ ባጃጅ የሚቆምበት ቦታ የለም፣ ይገርማል እኮ።

ደብዳቤህ ላይ "ባጃጆች ይነሱ" ብለህ ከጻፍክ ወይ ፍንክች። ለሦስት ቀን ያባርሩናል፣ በአራተኛው እንመለሳለን። "ለባጃጅ መቆሚያ ይሰጥ፣ ከመታጠፊያው 30 ሜትር ወደዚያ ዘልቆ" ካልክ ግን እኔ ራሴ እፈርማለሁ። ጓደኞቼንም አስፈርማለሁ። መጀመሪያ ሂድና ተራ አስከባሪዎቹን አነጋግር። ደብዳቤ ይዘህ ሳይሆን ሻይ እየጠጣህ።

ልጅቷን ግን እግዜር ያሳድጋት። ያ ፍሬን የያዘውን ልጅ ካገኘሁት ምሳ እጋብዘዋለሁ።

ፎቅና ምድሩ
እኔ ሆላንድ ነው ያለሁት፣ ግሽ ዓባይ ነው ያደግሁት። እዚህ ሰው "ሆላንዶች ከጥንት ጀምሮ ሳይክል ይወዳሉ" ይላል። ውሸት ነው። በእነሱ 1960ዎቹ ሳይክሉን ትተው መኪና በመኪና ሆነው ነበር። 1971 ላይ ባንድ ዓመት ከ3,000 በላይ ሰው በመኪና አደጋ ሞተ፣ ከነሱ ውስጥ ከ400 በላይ ልጆች ናቸው። ከዚያ ነው ወላጆች ተነስተው "የልጆች ግድያ ይቁም" ብለው መንገድ የዘጉት። 1973 ላይ ደግሞ የነዳጅ ችግር መጣና እሁድ እሁድ መኪና ተከለከለ፣ ሰው አውራ ጎዳናው ላይ በሳይክል ወጣ። ያኔ ነው መንግሥቱ ወደነሱ የዞረው። የማዶው፣ እነሱም የጀመሩት እንዳንተ ነው፣ ልጅ ወድቃባቸው።

ሽምብጤ
ሆላንድን ተውልን አቦ። እዚያ መንገድ ሲዘጉ ሚኒስትሩ ወርዶ ያናግራቸዋል። እዚህ መንገድ ዝጋና ማን ወርዶ እንደሚያናግርህ እናያለን። የባጃጁ ልጅ የተናገረው ግን ልክ ነው፣ እሱን አልክድም።

አያ ዘንባባ
ልጆች፣ እኔ ሰባን ዘልያለሁ፣ የልጅ ልጄ ነው የሚጽፍልኝ።

ሳይክል ለባሕር ዳር አዲስ ነገር አይደለም። እኔ የተማርኩት በሰዓት ተከራይቼ ነው። ኮርቻው ላይ አልደርስም ነበር። በብረቱ መሃል አንድ እግሬን አሾልኬ፣ ጎብጬ፣ ጎን ለጎን ነበር የምነዳው፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ባለቤቱ መሃል መንገድ ድረስ እየሮጠ ይመጣ ነበር። ጨርቃጨርቅ ፈረቃ ሲለቅ ደግሞ መንገዱ ሳይክል ብቻ ይሆናል። ደወሉ! እንደ ቅዳሴ ጸናጽል። ማንም ለማንም የተለየ መስመር አልሠራም፤ መኪናው ራሱ ስንት ነበርና።

ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ዳገት የላትም። ጀርመኖቹ በ1950ዎቹ ማስተር ፕላኗን ሲያወጡ ጎዳናዋን ሰፊ አድርገው ነው፣ ለዚህ ነው ዛሬም ዘንባባው ጥላ የሚጥልበት ቦታ ያለው። ቦታ አጣን የሚላችሁን አትመኑ። ቦታው አለ፣ ማን እንደያዘው ነው ነገሩ። አንድ ነገር ግን ለምኑልኝ። ለሳይክል መስመር ብለው ዘንባባውን እንዳይነኩት። በቀትር ያለ ጥላ ሳይክል መንዳት እንጀራ ምጣድ ላይ መቀመጥ ነው።

ተረኛዋ
እስካሁን የጻፉት ብዙዎቹ ወንዶች መሰሉኝ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ነርስ ነኝ፣ በሳይክል ነው ሥራ የምሄደው። መጀመሪያ ሰሞን ነጠላዬን ካቴናው በላብኝ፣ መሃል መንገድ ላይ በጥርሴ ቀድጄ ነው የተላቀቅሁት። አሁን በወገቤ አስሬው ነው የምነዳው። ሰው ማየቱን ለምዶታል፣ እሱ አያስቸግርም። የሚያስቸግረኝ ማታ ነው። መብራት የሌለበት የሳይክል መስመር ለሴት መስመር አይደለም። ከመኪና ተለይቶ ጨለማ ውስጥ ከሚያስገባኝ እዚያው መኪናው መሃል ብሄድ እመርጣለሁ። ደብዳቤው ላይ መብራትን አስገቡ፣ አንድ መስመር ነው።

ደግሞ ስትቆጥሩ ሴቶችንና ልጆችን ለይታችሁ ቁጠሩ። ወንድማችን ፖሊ ስፋቱን ለካ ብሏል፣ ሰዉንም መቁጠር አለባችሁ። "እዚያ ማን በሳይክል ይሄዳል?" ማለታቸው አይቀርም።

ፖሊ መንገዱ
ተረኛዋ ልክ ናት። ማክሰኞ ወይ ረቡዕ ቁጠሩ፣ የገበያ ቀንና ቅዳሜን ተዉ። ባጃጅ ሥራ ያቆመበት ቀንም አይሆንም፣ ያን ቀን ከተማው ሁሉ ሳይክል ላይ ነው፣ አያምኗችሁም።

የማዶው ሰው
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ሁለት ሳምንት ሆኖኛል፣ የሆነውን ልንገራችሁ።

ረቡዕ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆጠርን። ልጄ ናት የጻፈችው፣ አራት ጭረትና አንድ ማቋረጫ እያደረገች። ሳይክሉን አልነካም ብትልም መቁጠሩን ወደደችው። የወንድ፣ የሴት፣ የልጅ ብላ ዓምድ አወጣች። ከዚያ ሳልነግራት አራተኛ ዓምድ ጨመረች፦ "ወደ አስፋልት የወጣ"። ሁለት ገጽ ሞላ። ያ አራተኛው ዓምድ ከሁሉም ረዘመ። ደብተሯን ፎቶ ኮፒ አድርገን ከደብዳቤው ጋር አያያዝነው፣ እንደገና በንጹህ ልጻፈው ብትል እምቢ አልኳት።

ተራ አስከባሪዎቹን ሻይ ጋበዝኩ። አንዱ መጀመሪያ "ምን አገባህ" ዓይነት ነበር። የመቆሚያውን ነገር ሳነሳ ግን ራሱ ተነስቶ ቦታውን አሳየኝ። ከመታጠፊያው አልፎ የድሮ ኮንቴይነር የተነሳበት ባዶ ቦታ አለ፣ እዚያ ቢሰጡን ይበቃናል አለ። ሃያ ምናምን ባጃጅ ፈርሟል፣ አብዛኛው የሰሌዳ ቁጥሩን ነው የጻፈው። የቤት ቁጥር ያስፈራል ላላችሁት፣ ሰሌዳም አያንስም።

ቡና የምታፈላዋን ደግሞ ፈራሁ፣ እንዴት ተነሺ ይባላል? ልጆቿን የምታሳድግበት ነው። ቁጭ ብዬ አንድ ስኒ ጠጥቼ ነገርኳት። ሳቀች። "ወንድሜ፣ እኔ እዚህ የተቀመጥኩት ባጃጆቹ እዚህ ስለሚቆሙ ነው፣ ደንበኞቼ እነሱ ናቸው፣ እነሱ ከሄዱ እኔ ምን አስቀመጠኝ?" አለችኝ። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር።

አሸዋው የማን እንደሆነ እስካሁን የሚያውቅ የለም። ባለቤት የሌለው አሸዋ አይቼ አላውቅም።

ደብዳቤው ገብቷል። ቁጥር አለው፣ ማህተም አለው። "ግዴለም ይደርሳል" ብላኛለች የመዝገብ ቤቷ ልጅ፣ እውነትም! አልተነቃነቅኩም። ፍርግርጉን ሊያዩት ሰው እንልካለን ብለዋል፣ መቼ እንደሆነ አልተናገሩም። ሁለተኛ ጊዜ የምሄደው ሰኞ ነው።

እስከዚያ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት መንገዱን ከጫፍ ጫፍ ልንለካ ነው፣ ስፋቱን በየ10 ሜትሩ። ፖሊ እመጣለሁ ብሏል። ረጅም ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ፣ የኔ ባለ 5 ሜትሩ ነው፣ እሱም ጫፉ ተቆርጧል።

ሽምብጤ
የ30 ሜትር አለኝ። አይሳካም እንጂ። መታጠፊያው የቱ ጋ ነው ያልከው?